የተማረ ይግደለኝ ያሉኝ ሰው

ኡስታ ደምሌ ማረፋቸውን በስልክ የነገረኝ ተማሪያቸው የነበረው ፈንታሁን ነው። የማላውቀው ቁጥር ስለነበረ ላነሣው አልፈለግሁም ነበር። «ጋሼ፣ ኡስታ ዐረፉ» አለኝ። «ትናንት ተቀበሩ። ነገ ሣልስታቸው ነው። እትዬ ዝማም ‹ለዚያ ልጅ ሳትነግሩት እንዳትቀሩ› ብለው ነው የደወልኩ።» ነፍስ ይማር እንኳ ሳልለው ስልኩ ተቋረጠ።

እንደ ሰው መጀመሪያ ማዘን ነበረብኝ። በእኔ ላይ ግን መጀመሪያ የመጣብኝ እፍረት ነው። የሰውዬው የመቃብር አፈር ሳይደርቅ፣ ሚስታቸው እትዬ ዝማም ስንት የሚነገረው ዘመድ እያለ እኔን አስታወሱ! ምን ብለው ነው ያስታወሱኝ? እየረገሙ እንጂ እየመረቁ እንደማይሆን እርግጠኛ ነበርኩ። ያም ሆኖ ልቅሶ ተጠርቶ አይቀርምና በማግሥቱ ከጎንደር ማልዶ በሚነሣው መኪና ተሳፍሬ ቆላ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው እሳቸውን ብቻ ነበር።

መቼም እውነቱን ልናገር ብዬ ከተነሣሁ ከራሴ ልጀምር። እኔ ምላሴ ስለት ነው። እናቴ «አንተን ከሰው የሚያጣላህ እጅህ ሳይሆን አፍህ ነው» ትለኝ ነበር። ዲግሪዬን ይዤ ጎንደር ከተማ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ስንከራተት ከቆየሁ በኋላ በአንዲት ትንሽ የቆላ ከተማ ተቀጠርኩ። ከሽንፋ ወዲህ፣ በመተማ መንገድ ላይ ናት። ስሟን አልጠራም፤ በእኔ ጥፋት እሷ ለምን ትታማ። ሥራዬ ሥራ የሌላቸውን ወጣቶች መመዝገብና የሥራ አጥ መታወቂያ መስጠት ነበር። ያቺን መታወቂያ የያዘ በማኅበር ይደራጃል፣ የሚሠራበት ሼድ ይሰጠዋል ይባል ነበር። እንግዲህ ሁለት ዓመት ሥራ ያጣሁ ሰው፣ ሥራ ያጣውን ሌላ ሰው ለመመዝገብ ሥራ አገኘሁ ማለት ነው። ለጓደኞቼ በዚህ ብዙ ቀልጄበታለሁ።

ኡስታ ደምሌ በዚያች ከተማ ትራክተር ጠጋኝ ነበሩ። ኡስታ ማለት ከድንበሩ ማዶ ያሉ ሱዳኖች ባለ እጅ የሆነን ሰው የሚጠሩበት ማዕረግ ነው። በወጣትነታቸው ከወገራ ጥጥ ለቀማ ብለው ወርደው፣ ከዚያ ገዳሪፍ ተሻግረው፣ አንድ ሱዳናዊ መካኒክ ዘንድ ዕቃ አቀባይ ሆነው ገቡ። ሙያውን በእጃቸው ይዘው ተመለሱ። ፊደል አልቆጠሩም። ፊርማቸው አውራ ጣታቸው ናት፤ እሷም በግራሶ ጠቁራ ስለምትኖር «ለእኔ ቀለም አታምጡልኝ፣ ከነቀለሜ ነው የምዞር» ይሉ ነበር። ጋራዣቸው አንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ ሥር የተዘረጋ ቆርቆሮ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ራሳቸው ላይ ነጭ ሻሽ የሚጠመጥሙ ሰው ነበሩ። ሲናገሩ ይጮሃሉ። እዚያ ቤት ግን ሁሉም ሰው ይጮሃል፤ ሞተር እየተነሣ በሹክሹክታ የሚያወራ የለም።

ጧት ጧት ቆርቆሮውን በመፍቻ እየመቱ «ሹግል አለ! ሹግል አለ!» ይላሉ፤ ሥራ አለ ማለታቸው ነው፣ በዐረብኛው። ትራክተር ያልመጣ ቀንም ይሉታል። «ኡስታ፣ ምን ሹግል አለና ነው?» ሲሏቸው «ካልጠራኸው መቼ ይመጣል!» ይላሉ።

እኔን ከመካኒክነታቸው ይልቅ ያስገረመኝ አስተማሪነታቸው ነው። እኔ ስደርስ ሦስት ልጆች ይማሩባቸው ነበር፤ ፈንታሁን፣ ማንዴና ትርንጎ የምትባል አንዲት ልጃገረድ። ሦስቱም ስምንተኛ ክፍል አካባቢ ትምህርት ያቋረጡ ናቸው። አዲስ የገባ ልጅ ሦስት ወር ሙሉ መፍቻ አይነካም። ሥራው መስማት ብቻ ነው። «ጆሮህን አምጣ» ይሉታል። የካቻቢቴውን ጫፍ የተነሣ ሞተር ላይ ያሳርፉና እጀታውን የልጁ ጆሮ ላይ ያስደግፉታል።

«ምን ይላል?»

«ይጮሃል።»

«መጮሁንማ ፍየሏም ሰምታዋለች። ምን እያለ ነው የሚጮኸው?»

እሳቸው ራሳቸው ግን ካቻቢቴውን ጆሯቸው ላይ አያደርጉትም። እጀታውን በጥርሳቸው ይነክሱና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የሽማግሌ አመል ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ማንዴ አንዴ ተናዶ ብሎን ሲያጠብቅ አይተው መፍቻውን ከእጁ ቀሙት። «ብሎን በንዴት አይጠበቅም። ትሰብረዋለህ፣ ከዚያ የሰበርከውን ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ትለምነዋለህ» አሉት። ልጁን ጥላ ሥር አስቀምጠው ራሳቸው ሲያጠብቁ ዋሉ።

ትርንጎን እንዴት እንዳመጧት ከተማው ሁሉ ያውቃል። ልጅቱ በመንገዱ ስታልፍ ቆማ ማየት ታበዛለች። «ምን ታያለሽ?» ቢሏት «ያኛው ትራክተር ከዚህኛው በሌላ ዓይነት ያስላል» አለቻቸው። ኡስታ በሚቀጥለው እሑድ አባቷ ቤት ሄዱ። አባትየው «ሴት ልጄ ትራክተር ሥር ተንጋልላ! ኧረ ደግሞ ምን ልንሰማ ነው?» ብሎ መለሳቸው። በሳምንቱም ሄዱ። በሦስተኛው እሑድ «አያ፣ እኔ እኮ ትራክተሩን ጠይቄዋለሁ፤ ሴት ናት ወንድ ነው አላለኝም» ሲሉት ሰውዬው ሳቀና ፈቀደ።

አንድ ቀን የጽሕፈት ቤቱን ሞተር ሳይክል ላሠራ ሄጄ ተቀምጫለሁ። አንድ ሰሊጥ የሚያመርት ኢንቨስተር ትራክተሩን አስጎትቶ መጣ። ከከተማ ያስመጣው ባለሙያ ሁለት ቀን ሲፈታ ሲገጥም ከርሞ አልሆነለትም። ኡስታ ሞተሩን አስነሡና ካቻቢቴውን ለትርንጎ ሰጧት። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ የለበሰችው ቱታ ሁለት እሷን ይይዛል። ሰማች፣ ቦታ ቀየረች፣ ደግማ ሰማች። ከዚያ ወደ ኡስታ ጆሮ ጠጋ ብላ «ሞተሩ ደኅና ነው! የውኃ ፖምፓው ኩሽኔታ ነው!» ብላ ጮኸች። ተፈታ። እውነትም ኩሽኔታው ተበልቷል።

ኢንቨስተሩ ወደ ትርንጎ ዞረ። «አንች፣ ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ስምንተኛ ነበርኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰሊጥ ደረሰ።»

ሰውዬው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ኡስታ ግን በዚህ ነገር አይቀልዱም። ሌላ ጊዜ ሲያጫውቱኝ «እዚህ አገር ትምህርት ቤትና ሰሊጥ በአንድ ወር ነው የሚጣሩ፣ መስከረም ላይ። ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ዛሬ ካላጨድኸው ነገ ፈንድቶ መሬት ይጠጣዋል። ልጁ ምን ያርግ? ጮኾ ወደጠራው ይሄዳል» ብለውኛል።

እውነታቸውን ነበር። ልጁ አጭዶ ኅዳር ላይ ሲመለስ «ስምህ ተሰርዟል» ይሉታል። በዓመቱ ደግሞ ከታናሽ ወንድሙ ጋር አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ያሳፍረዋል። ሙያ ልማር ቢል ማሠልጠኛው ከተማ ነው፣ ለዚያውም በስምንተኛ ክፍል አይቀበልም። ስለዚህ ከሰሊጥ እስከ ሰሊጥ ጥግ ይዞ መቀመጥ ነው። የሴቷ ይብሳል፤ «ቤት ትዋል» ትባላለች፣ በቃ። ይህን ሁሉ መዝገቤ ላይ በየቀኑ አየው ነበር። ሳያውቅ ያጠፋ ሰው ይቅር ይባላል። እኔ ያጠፋሁት እያወቅሁ ነው።

አንድ ጥቅምት አለቃዬ «እስከ ወሩ መጨረሻ የሥራ አጥ ዝርዝር አሟልተህ አምጣ» አለኝ። በጥቅምት! እስቲ በጥቅምት ቆላ ውስጥ ሥራ አጥ ፈልጉ። አጫጁ ከጎጃም ከወሎ ሳይቀር በመኪና እየተጫነ ይወርዳል። ዓመቱን ሙሉ የከተማውን ጥግ ሞልቶት የሚውለው ወጣት ያን ወር እርሻ ላይ ነው። ቤት ለቤት ዞርኩ፤ የማገኘው አሮጊትና ውሻ ብቻ ነው። «ሰዎች፣ ሥራ አጥ አጣሁ!» ብዬ በሰው ፊት አማርሬአለሁ። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

በመጨረሻ ከተማ ውስጥ በቀላሉ የሚገኙት እነማን ናቸው? አጨዳውን ትተው ሙያ የሚማሩት የኡስታ ልጆች። ሄድኩና ስማቸውን መጻፍ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ ሥራ ላይ ነን» አለኝ ማንዴ።

«ደመወዝ አለህ?»

«የለኝም፤ እየተማርኩ ነው።»

«ትምህርት ቤት ነህ?»

«አይ።»

«እንግዲያው ሥራ አጥ ነህ» አልኩት። እንዲህ ቀላል ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ኡስታ ትርንጎን አስከትለው ቢሮዬ መጡ። ታጥበው፣ ንጹሕ ጀለቢያ ለብሰው። ወረፋ የያዘ ሰው ቢሮውን ሞልቶታል። ሙቀቱ ያሳብዳል፤ ማራገቢያው ከተበላሸ ቆይቷል። ወንበር እንኳ አልሰጠኋቸውም። ቆመው ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ልጄ፣ ልጆቹን መመዝገብህ ደግ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጨምርልኝ። ሥራ አጥ ብለህ አትተዋቸው። ‹ኡስታ ደምሌ ዘንድ ሙያ በመማር ላይ› ብለህ ጻፍልኝ። እኔ አርጅቻለሁ። ይህች ወረቀት ካለቻቸው ነገ ተፈትነው ባለሙያ ይባላሉ። ከሌለቻቸው ግን እኔ የሞትኩ ቀን እነሱም ምንም እንዳልተማሩ ይቆጠራል።»

የለመኑኝ አንድ መስመር ነው። ቅጹ ላይ «ተማሪ»፣ «ሠራተኛ»፣ «ሥራ አጥ» የሚሉ ሦስት ሣጥኖች ነበሩ፤ አራተኛ የለም። ግርጌው ላይ ግን «ተጨማሪ ማብራሪያ» የሚል ክፍት ቦታ አለ። ብጽፍበት ማን ይጠይቀኝ ነበር? ግን ሞቆኛል፣ ሰው ተሰልፏል፣ «በመማር ላይ» ብዬ ከጻፍኩ ደግሞ ከዝርዝሬ ሦስት ሥራ አጥ ሊጎድል ነው። አፌን ከፈትኩ።

«ኡስታ፣ ለእርስዎ ለራስዎ ማን ሰርተፊኬት ሰጠዎትና ነው ሰው የሚያስተምሩ? ስምዎን መጻፍ የማይችሉ ሰው! ግራሶ መቀባት ሙያ አይባልም። እርስዎ ዘንድ የዋለ ልጅ ያው ሥራ ፈት ነው።»

ወረፋ የያዘው ሰው ሳቀ። አንዱ ከኋላ «አይ ጎንደሬ! አፍስ አለህ!» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ይህን አልደብቅም።

ኡስታ ወደ ትርንጎ ዞሩ። ልጅቱ ፊቷ ዐመድ መስሏል። በሳቁ መሃል አፏን ጆሯቸው ላይ ገጥማ አንድ ነገር አለቻቸው። «እንሂድ» ያለቻቸው መሰለኝ። የሽማግሌው ፊት ግን በራ። ጠረጴዛዬን ዞረው መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ጎንበስ አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ! ዕድሜ ይስጥህ! የተማረ ይግደለኝ!» አሉ፣ በዚያ ትልቅ ድምፃቸው።

 ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፤ አሁን የሚሳቀው በእኔ ነው። እኛ ጎንደሬዎች መቼም ነገር በቀጥታ መጣ ቢሉን አናምንም፤ ምርቃት እንኳ ሲሰጠን ገልብጠን ጀርባውን እናያለን። በሰው ፊት ያዋረድኩት ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ «የተማረ ይግደለኝ» ካለ ምን ማለቱ ነው? ሽሙጥ ነዋ! «ተምረህ ገደልከኝ» ማለቱ ነው እንጂ! ቢሮው ውስጥ የነበረ ሁሉ እንዲያ ነው የተረጎመው። ቅድም አፌን ያደነቀልኝ ሰውዬ ራሱ «የእጅህን አገኘህ» አለኝ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

በነጋታው ኡስታ ሦስቱን ልጆች ራሳቸው ይዘው መጥተው በር ላይ «ግቡ፣ ተጻፉ» ብለው መርቀው አስገቧቸው። የእኔ ንዴት ግን አልበረደም። መታወቂያቸውን ስሰጣቸው «ስሙ፣ መታወቂያ የያዘ ሰው የትም ሲሠራ ቢገኝ ይሰረዛል። ጋራዡ ውስጥ ያየኋችሁ ቀን እቀደዋለሁ» አልኳቸው። ደንቡ በወረቀት ላይ አለ፤ ማንም ሠርቶበት አያውቅም። እኔ ለቂሜ ስል ከመቃብር አወጣሁት።

«እስከ መቼ ነው ጋሼ?» አለ ፈንታሁን።

«ሼዳችሁ እስኪደርስ።»

ልጆቹ ወላጅ አላቸው፣ ወላጅ ደግሞ ሼድ ሲባል ሰምቷል። ሦስቱም ከጋራዡ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ኡስታ ባገኙኝ ቁጥር ሻሻቸውን ከግንባራቸው ከፍ አድርገው ይቆማሉ። «ወረቀቷስ ልጄ? ደረሰች?» ይሉኛል። «በሂደት ላይ ነው» እላለሁ ጥርሴን ነክሼ። «በል በርታ። የተማረ ይግደለኝ!» ይላሉ። አንዳንዴ ገበያ መሃል። በየጊዜው የሚያቆስሉኝ እየመሰለኝ፣ እሳቸውን ከሩቅ ካየሁ መንገድ መቀየር ጀመርኩ። አንድ ቀን ደግሞ ሁለት ትልልቅ ሐብሐብ ላኩልኝ። «ጭራሽ!» አልኩና ላመጣው ልጅ ሳልነካው መለስኩለት። በእኛ አገር የተላከ ነገር መመለስ ምን ያህል ስድብ እንደሆነ እያወቅሁ ነው የመለስኩት።

ሼዱ ቋሚው ቆመ፤ ጣራው አልመጣም። መንገድ ተዘጋ ተባለ፣ በጀቱ ዞረ ተባለ፣ ከዚያ የሚጠይቅም ጠፋ። ፍየል ያርፍበታል። እኔ ዝርዝሩን በጊዜ ስላሟላሁ ተመሰገንኩ፤ በዓመቱም ጎንደር ተዛወርኩ። ፈንታሁን ሱዳን ተሻገረ፣ እዚያ ጦርነት ሲነሣ ባዶ እጁን ተመለሰ። ማንዴ ያ ጣራ የሌለው ሼድ ሥር ካርታ ሲጫወት ይውላል። ትርንጎ ቤት ገባች። ከልጆቹ አንዱም ዛሬ አይሠራም፣ አይማርም፣ አይሠለጥንም። ስብሰባ ላይ «የዛሬ ወጣት ሥራ ይንቃል» ሲባል እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ ተቀምጬ አውቃለሁ። ድንቄም! እነዚያ ልጆች ሥራ አልናቁም። ሥራ አጥ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ፣ በማኅተም።

የኡስታን ነገር ከዚያው ከሚመጡ ሰዎች እሰማ ነበር። «አሁን አሁን ይስታሉ፤ ደኅናውን ፈተው የታመመውን ይተዋሉ» አሉኝ። ባለ ትራክተሮች አንድ በአንድ ሸሿቸው። እኔም እርጅና ነው አልኩ።

ልቅሶ ቤቱ ስደርስ ድንኳኑ ከቁርቁራው አጠገብ ተጥሏል። እርግማኔን ልቀበል አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። እትዬ ዝማም እንዳዩኝ ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ደረታቸውን እየመቱ በዜማ አወረዱት።

«ተነሥ ኡስታ ደምሌ፣ ተነሥ እንግዳ አለ፣
ስምህን በወረቀት ሊጽፍልህ ያለ።»

ሴቶቹ ተቀብለው አለቀሱ።  አሁንም፣ እዚያም ላይ ሆኜ፣ ሽሙጥ መሰለኝ! እትዬ ዝማም ግን ክንዴን ይዘው ሽማግሌዎቹ ወዳሉበት ወሰዱኝ።

«ይኼ ልጅ ነው እኮ!» አሏቸው እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ። «ለልጆቹ ወረቀት ሲሯሯጥለት የነበረ። የላክንለትን ሐብሐብ እንኳ ጉቦ እንዳይመስልበት ብሎ የመለሰ፣ የጨዋ ልጅ! ደምሌ ‹ያ ልጅ ሳያደርሰው አይቀርም› እንዳለ ነው የሞተ።»

የሚያሽሟጥጥ ሰው እንዲህ አያለቅስም። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ከነፍስ አባታቸው ቀጥሎ አስቀመጡኝ። ወዲያው አንዲት ወጣት ሴት የእጅ ውኃ ይዛ መጣች። ቀና ስል ትርንጎ ናት።

«ትርንጎ፣ እትዬ ዝማም ምንድን ነው የሚሉት?» አልኳት ዝቅ ብዬ።

ዙሪያዋን አየች። «ታጥበው ወደ ጓሮ ይምጡ» አለችኝ።

ጓሮ የአሮጌ ትራክተር አጽም አለ። እሱን ተደግፋ ጠበቀችኝ።

«አልሰሙዎትም» አለች።

«ምኑን?»

«ያን ቀን ቢሮ እርስዎ የተናገሯቸውን። የኡስታ ጆሮ ቀስ በቀስ እየሄደ፣ ያኔ ተጠግተው ካልነገሯቸው አይሰሙም ነበር። ሰው እንዲያውቅባቸው አይፈልጉም፤ ደንቆሮ መካኒክ ማን ትራክተር ይሰጠዋል? ሞተሩን በጥርሳቸው ነበር የሚሰሙት፣ በንዝረቱ። ሰው የሚላቸውን ደግሞ እኔ ነኝ የምነግራቸው። እኛን አስቀድመው መስማት ያስተማሩን ለምን ይመስልዎታል? የሞተሩን ድምፅ እሳቸው ሳይረሱት ያን ጆሮ ለእኛ ሊያወርሱ ነው።»

«እና እኔ ያልኩትን ምን ብለሽ ነገርሻቸው?»

መልሱን ሳልሰማው ዐውቄዋለሁ። ግን ጠየቅኋት።

«‹እጽፍልዎታለሁ፣ ትንሽ ጊዜ ይፈልጋል ብሏል› አልኳቸው። ምን ላድርግ ጋሼ? እርስዎ ያሉትን በእሳቸው ጆሮ ውስጥ ልድገመው? አፌ እሺ አላለኝም።»

ስለዚህ ያ ሁሉ ምስጋና እውነት ነበር። ገበያ መሃል ሲያቆሙኝ የነበሩት ስላመኑኝ ነበር። ልጆቹን ራሳቸው ያመጡልኝ መስመሯን ልጽፍላቸው ነው ብለው ነበር። እኔ ደግሞ በምርቃታቸው ተናድጄ ልጆቻቸውን ነጠቅኋቸው። ይህን የሚያህል ድንቁርና በሰርተፊኬት ነው የሚገኘው።

«ለምን አልተመለስሽም ታዲያ?» አልኳት። «እኔ ጎንደር ከገባሁ በኋላ መታወቂያሽን ማን ይቀደው ነበር?» ጥፋቱን ትንሽ ላካፍላት ፈልጌ ይመስለኛል።

«መታወቂያውን ፈርቼ አይደለም» አለች። «በሄድኩ ቁጥር ‹ልጁ ምን አለ? ወረቀቷ ደረሰች?› ይሉኛል። ስንት ጊዜ ልዋሻቸው? አንድ ቀን ግን ሄጄ ነበር። ሞተር አስነሥተው ካቻቢቴውን ነክሰው ቆመዋል። ማርሹ ላይ ነው በሽታው፤ እኔ ከመንገዱ ሆኜ ይሰማኛል። እሳቸው ሌላውን መፍታት ጀመሩ። ገብቼ ልነግራቸው ነበር። ከዚያ ስለ ወረቀቷ ይጠይቁኛል ብዬ ከበሩ ተመለስኩ።»

እንባዋን በክንዷ ጠረገች። 

«አሁን ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

«ምንም። መታወቂያ አለኝ እኮ» አለችኝ። ስድብ አልነበረም። እንዲያውም ስድብ በሆነልኝ።

ከድንኳኑ በኩል «እንግዳው የት ሄደ? ምግብ ቀርቧል!» የሚል ድምፅ መጣ። ትርንጎ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ይህ ውሸት ከብዶኛል። ኡስታ ከእንግዲህ አይከፋቸውም። ለእትዬ ዝማም እውነቱን ልንገራቸው? ለእርስዎ ካላልኩ በቀር ዝም የምልበት ምክንያት የለኝም። ምን ላድርግ? እርስዎ ይንገሩኝ።»

ጊዜ ነበረኝ። «ተይ፣ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ» ማለት እችል ነበር። ድንኳኑ እዚያው ነው፣ ሰዎቹም እዚያው ናቸው፣ ከእኔ የሚፈለገው ገብቶ መናገር ብቻ ነው።

«ዝም በይ» አልኳት።

ተመልሼ ገባሁ። ሽማግሌዎቹ ቦታዬን ጠብቀውልኛል። እትዬ ዝማም ትሪውን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ብላ እንጂ ልጄ፣ መንገደኛ ነህ» አሉኝ። በላሁ።